የበየደ ይግባ

ሃምሳ አለቃ አገርነሽ ከወደቡ ወዲያ ወዳለው የብረታ ብረት ሥራ ቤት ስትደርስ ከሟቹ የሚታዩት ሁለት እግሮቹና አንድ እጁ ብቻ ነበሩ። የቀረው አካሉ ከብረቱ ሥር ነው። የሚታየው ግራ እጁ ሲሆን ጠመኔ እንደ ጨበጠ ቀርቷል።

«ለምን አላወጣችሁትም?» ስትል ዘበኛውን ጠየቀችው።

«ማንሻ ክሪክ ይዤ ሮጬ ነበር። ጓድ ሥራ አስኪያጁ ‹ፖሊስ ሳያየው እንዳይነካ› አሉ።»

«ያን ጊዜ ይተነፍስ ነበር?»

ዘበኛው መሬት መሬቱን አየ። «ትንሽ... ትንሽ ይል ነበር።»

ጊዜው ግንቦት 1977 ዓ.ም. ነው። ጣና በግንቦት ይሸሻል። ዳር ዳሩ ጭቃ ይሆናል፤ ውኃው ከደንገሉ ማዶ ይቀራል። ውኃ የሚስበው ሞተር ግን ሐይቁን ተከትሎ አይሄድም። ባለፈው ዓመት የሐይቅ ዳር አትክልት ልማት ሠራተኞች አሥራ ሰባት ኩንታል የሚመዝነውን ሞተር በግንድ እያንከባለሉ ሲወስዱት ተገልብጦ የአንዱን ሰው እግር አደቀቀ። ስለዚህ ዘንድሮ ባለጎማ የብረት መሠረት ታዘዘለት። ሠራተኞቹ ሻንሲ ይሉታል። ሰፊ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ከወፍራም ብረት ተበይዶ አራት የጭነት መኪና ጎማ እንዲገባለት የተሠራ ነው። አሁን ያ ሻንሲ በቀኝ የፊት ማዕዘኑ ወድቆ፣ ሞተሩን እንደ ታቀፈ፣ የሥራ ቤቱን ፎርማን ገብረ ኪዳንን ደረቱ ላይ ተቀምጦበታል። ጎማዎቹ ገና አልገቡለትም፤ አጥሩ ሥር ተደርድረዋል። ጎማ ቢኖረው ኖሮ ብረቱ ብዙም ሳይወርድ ጎማው ይይዘው ነበር። አገርነሽ መጀመሪያ ያሰበችው ይህንን ነው።

አገርነሽ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ከነገር ሁሉ አስቀድሞ ክፉው ይታያታል። ሰው ጋሪ ሲያይ ጭነቱን ያያል፤ እሷ የሚገለበጥበትን ጎን ታያለች። ሰው ታንኳ ላይ ሲወጣ ማዶውን ያያል፤ እሷ ደንገሉ የላላበትን ቦታ ትፈልጋለች። ባልደረቦቿ «ሟርተኛዋ» ይሏታል። አለቃዋ ግን የሞተ ሰው በተገኘ ቁጥር የሚልከው እሷን ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ አምባቸው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ካኪ ልብሱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ሬሳውን ጀርባ ሰጥቶ ቆሟል።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ረጅም ምርመራ አያስፈልግም። ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የሚመረቅ ሞተር ነበር። የደኅንነት መኪና ጠርቻለሁ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል። አሻጥረኛውን ይወስዳል፤ አበቃ።»

«አሻጥረኛው ማነው?»

«በያጁ። ኑርሑሴን። ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሳስሬዋለሁ።»

«ምን አደረገ?»

«ያላደረገውን ጠይቂኝ። እዚህ ቤት ልማድ አለ። ጎማ ከመግባቱ በፊት ሻንሲው ጭነቱን ተሸክሞ በአራት የወይራ ታኮ ላይ ይቆማል። ከላይ ብየዳው ላይ ነጭ ጋዝ ይፈስሳል፤ ከሥር ጠመኔ ይቀባል። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ሰርጎ ጠመኔውን ያረጥበዋል። ከዚያ ከሥር በመዶሻ ይመታል።»

«ከሥር የሚገባውስ?»

«የበየደው ነው። የገብረ ኪዳን ሕግ ነው። ‹የበየደ ይግባ› ይል ነበር። የገዛ ደረቱን የሚያስገባበትን ብረት ማንም አጭበርብሮ አይበይድም ይላል። ዛሬ ግን ኑርሑሴን አልገባም። ሽማግሌውን አስገባው። እንደሚወድቅ ባያውቅ ለምን አስገባው?»

አገርነሽ ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል ነው።

ሻንሲውን በክሪክ አስነስታ ሬሳውን አስወጣች። ፊቱን ጨርቅ ካለበሰች በኋላ ራሷ መሬት ላይ ተኝታ ወደ ሥር ተመለከተች። ዘበኛው «ኧረ እመቤቴ፣ ይወድቅብሻል!» ብሎ ጮኸ።

«አይቼዋለሁ፤ ሲወድቅ ወደየት እንደሚወድቅም አውቃለሁ። ክሪኩን ብቻ ያዝልኝ።»

የቀኝ የፊት ታኮ የለም። በቦታው ተፈርፍሮ የተበተነ እንጨት አለ፤ ከውጭው እንደ ሌሎቹ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል፣ ውስጡ ግን ነጣ ያለና ምስጥ የቦረቦረው ነው። ፍርፋሪውን በመዳፏ መዘነችው። የተላጠ አገዳ ያህል እንኳ አይከብድም። የቀሩትን ሦስት ታኮዎች በሟቹ መዶሻ ቀስ ብላ አንኳኳቻቸው። የግራዎቹ ሁለቱ እንደ ብረት ጮኹ። ሦስተኛውን፣ የቀኝ የኋላውን ስትመታ እጇን ፈጥና ሰበሰበች። ፊቷ ጠቆረ፤ ግን ለማንም አልተናገረችም።

መሬቱንም አየች። ክሪክ የቆመበት ቦታ አራት ማዕዘን አሻራ ይተዋል። ከፊት መካከል አንድ፣ ከኋላ መካከል አንድ፤ እነዚህ ጠዋት ሻንሲው ሲነሣ የተተዉ ናቸው። ግን በቀኝ በኩል ብቻ፣ ከታኮዎቹ አጠገብ፣ እሷ አሁን ካስቆመችው ክሪክ ሌላ ሁለት አሻራዎች አሉ።

ከዚያ ብየዳውን አየች። የብየዳ መስመር እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ይሄዳል። ቅርፊቱ የተኛበትን አይቶ የበያጁ እጅ ከየት ወዴት እንደ ሄደ ማወቅ ይቻላል። ሻንሲውን ዞረችው። ሁሉም መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሄዷል። በቀኝ የፊት ማዕዘን ያሉት ሁለት መስመሮች ግን ከቀኝ ወደ ግራ ተኝተዋል።

ስትነሣ ጉልበቷን አራገፈችና ዘበኛውን በሹክሹክታ ጠየቀችው።

«በምሳ ሰዓት በሩ ክፍት ነበር?»

«ቆልፌ ውጭ ነበርሁ። ጋሼ ገብረ ኪዳን ቤታቸው ሄዱ። ሌላው ሠራተኛ በሙሉ ወጣ። ውስጥ የቀሩት አራት ናቸው። ጓድ ሥራ አስኪያጁ፣ ኑርሑሴን፣ ቶርኖ ላይ ብረት የሚቀርጸው ሀብተ ሥላሴ፣ እናቱ ደግሞ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ።»

«ስማኝ። ሁለት የወይራ ታኮዎች ጠፍተዋል። ከባድ ናቸው፤ ሩቅ አልሄዱም። የብረት ቁርጥራጩን ክምር ፈልግ። ስታገኛቸው ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»

በአጥሩ በኩል አንዲት ሴት ተጣራች። የኑርሑሴን እናት ነፊሳ ናት፤ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ፣ አሁን ግን ሻሿ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ቀርቷል።

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ የምትመረምሪው? ልጄ ጾመኛ ነው። ረመዳን ይዞ ሰው አይገድልም!»

«እማማ፣ ልጅዎንና ሟቹን የሚያጣላቸው ነገር ነበር?»

«ማን? ገብረ ኪዳንን? ኧረ እሱ አባቱ ነው! የውትድርና ጥሪ ሲመጣ ‹ይህ ልጅ ለሥራው አስፈላጊ ነው› ብሎ የጻፈለት እሱ አይደል? ለሥራ ቤቱ የተፈቀደው አንድ ሰው ነው። አንድ ብቻ! ለእኔ ልጅ ሰጠው። የሥራ አስኪያጁ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው።» የአጥሩን ሽቦ ጨበጠች። «አውጭልኝ። በሕይወት አውጭልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልልሽም።»

«እሞክራለሁ» አለች አገርነሽ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ጠላች፤ ተስፋ መስጠት አትወድም።

ኑርሑሴንን የሞርሳው ጠረጴዛ እግር ላይ ታስሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው ያገኘችው። ዓይኖቹ አብጠው ቀልተዋል፤ እንባው ሳያቋርጥ ይወርዳል።

«ታለቅሳለህ?»

«አላለቅስም።»

«ወደ ብርሃኑ ቀና በል እስቲ።»

ቀና ለማለት ሞከረና ፊቱን ሸፈነ።

«ምሳ ሰዓት የት ነበርህ?»

«ዋርካው ሥር ተኝቼ ነበር።»

«ማን ወደ ሻንሲው ሄደ?»

«አላየሁም።»

«ከሃያ እርምጃ ላይ ተኝተህ አላየህም?»

ልጁ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው እግር አዞረ።

አገርነሽ ወደ ዋርካው ሄደች። ሣሩ ሰው የተኛበት ምልክት አለው። ራሱ በነበረበት ቦታ በስሱ የተቆረጡ ሁለት የድንች ቁራጮች ጠውልገው ወድቀዋል። አንሥታ አየቻቸውና ተመልሳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ጾመኛ ድንች አይበላም። ትናንት የብየዳው ብርሃን ዓይንህን መትቶሃል። ዛሬ ሕመሙን እንዲያበርድልህ ድንች ዓይንህ ላይ አድርገህ ተኝተህ ነበር። ስለዚህ ነው ያላየኸው።»

«እመቤቴ፣ ተይኝ።»

«ዓይንህን የተመታኸው ትናንት ከሆነ ዛሬ ጠዋት አልበየድህም። የቀኝ የፊት ማዕዘኑን የበየደው ግራኝ ነው። ጋሼ ገብረ ኪዳን ጠመኔ የያዙት በግራ እጃቸው ነው።»

ልጁ ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አትናገሪ» አላት። «ጓድ አምባቸው ‹ጾም የያዘ ሠራተኛ ምርት ይቀንሳል፣ አንድ ቀን ብየዳ ቢያቆም ደብዳቤውን እቀድደዋለሁ› ብሎ ምሏል። ጋሼ ለእኔ ብለው ነው የበየዱት። ‹የበየደ ይግባ፤ በራሴ ሕግ አልቀልድም› ብለው ገቡ። ከተናገርሽ ወረቀቱ ይቀራል። ሰሜን ጦር ግንባር ነው የሚልኩኝ።»

«ካልተናገርሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ይተኩሱብሃል።»

ኑርሑሴን የታሰረበትን ገመድ ተመለከተ። እሷም አልጠበቀችም።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሀብተ ሥላሴ። ብረቱን ደግፎ የያዘልን እሱ ነው። ጋሼ ለማንም እንዳይናገር አስማሉት።»

ሀብተ ሥላሴ ቶርኖው አጠገብ ቆሞ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ አገኘችው። ጨርቁ ከእጁ በላይ ቆሽሿል።

«ጠዋት ታኮዎቹን ማን አስገባ?»

«እኔና ኑርሑሴን። አራቱም ወይራ ነበሩ። አንዱ እግሬ ላይ ሊወድቅ ነበር፤ ‹ጥፍርህን ለቶርኖ አቆየው› ብሎ ቀለደብኝ።»

«የቀኝ የፊቱን ማዕዘን ማን በየደው?»

ጨርቁን ጣለ፤ አነሣ። «...ኑርሑሴን።»

«ለደብዳቤው ከእሱ ቀጥሎ የታሰበው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሁሉም ያውቀዋል። ሰኞ ወደ ውትድርናው እሄዳለሁ።»

«አልከፋህም?»

«እሱ ይበይዳል፤ እኔ እቀርጻለሁ። የሚቀርጽ በየመንደሩ ሞልቷል፤ እንደ እሱ የሚበይድ የለም። ጋሼ እውነታቸውን ነው።» ቀጥሎ በቁጣ አያት። «እሱን ፍቱት! አብረን ነው ያደግነው።»

እናቱ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ዕቃ ግምጃ ቤቷ በር ላይ በርጩማ አውጥታ አስቀመጠቻት። ሃምሳ የተጠጋት፣ ወፍራም፣ ቁልፎቿን በወገቧ መቀነት ላይ ያሠረች ሴት ናት።

«ተቀመጭ እህት ዓለሜ፤ ከመጣሽ ጀምሮ ቆመሻል መሰለኝ። ምን ዓይነት ቀን ነው! ገብረ ኪዳንን የመሰለ ሰው!»

«እርስዎ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበሩ?»

«የት ኖሬ! ቀበሌ ስብሰባ ነበርሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ነው የተለቀቅነው። ስመጣ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን።»

«ከምሳ በኋላ ማን ይገባል ብለው ጠበቁ?»

«ኑርሑሴን ነዋ! የበየደ ይገባል። ከእሱ ሌላ ማን ይበይዳል?» ራሷን ነቀነቀች። «ሽማግሌው ሲገባ እኔም ከዚህ ሆኜ ‹ኧረ ምን ሆኖ ነው!› ብዬ ጮኼ ነበር። አልሰማኝም።»

«ለምን ጮኹ?»

ፀሐይወርቅ ዓይኗን አርገበገበች። «ያው... ሽማግሌ ነው። ለዚያ አይሆንም ብዬ።»

«ልጅዎ ሰኞ ይሄዳል አሉ።»

ሴትዮዋ የወገቧን ቁልፎች ጨበጠች። «አንድ ነው ያለኝ» አለች። «ታላቁ ባለፈው ዙር ሄዶ ልብሱ ብቻ መጣ። ልብሱም የሌላ ሰው ነበር፤ እጅጌው ረዘመ።»

አገርነሽ ተነሣች። የበኩር ልጇ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ በየማታው ቁመቱን በዓይኗ ትለካለች፤ ባይረዝም ትወዳለች። ከአጥሩ ጀርባ ስትዞር ከኮርች ዛፎቹ መካከል አንድ ያረጀ፣ ምስጥ የበላው ግንድ በመጋዝ ተቆርጦ አገኘች። ኮርች ለአጥር እንጂ ለሸክም እንደማይሆን በባሕር ዳር ሕፃን ያውቃል። ቁራጩ አርጅቶ ውስጡ ሲቦረቦር ደግሞ ዝም ያለ ሸክም ለጊዜው ይችላል፤ መዶሻ ሲነካው ግን ይፈራርሳል። መጋዙ ያፈሰሰው ብናኝ ደርቋል። የዛሬ ሥራ አይደለም፤ ሰው ቀን ጠብቆ አዘጋጅቶታል።

ዘበኛው መጥቶ በጆሮዋ «አገኘኋቸው» አለ። እሷም በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ከዚያ ሁሉንም ለሩብ ሰዓት ቢሮ ውስጥ አስቀምጣ ቃላቸውን እንደገና አስጻፈች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አራቱንም ሻንሲው ፊት አቆመቻቸው። ሻንሲው እንደገና በአራት የጠቆሩ ታኮዎች ላይ ቆሟል፤ ሞተሩ እላዩ ላይ ነው። ኑርሑሴን እጁ እንደ ታሰረ ነው።

ጓድ አምባቸው «አጠር ይደረግ» አለ። «መኪናው መንገድ ላይ ነው።»

«አጠር ይላል። ገብረ ኪዳን የሞቱት ብየዳ ስለ ለቀቀ አይደለም፤ ብየዳው እንደ ድንጋይ ነው። የሞቱት ከሥራቸው የነበረው ወይራ በበሰበሰ ኮርች ስለ ተለወጠ ነው። ጠዋት አራቱም ወይራ ነበሩ። በቀኝ በኩል ያለው የክሪክ አሻራ አንድ ሰው በምሳ ሰዓት ብቻውን አንሥቶ እንደ ለወጠው ይናገራል። በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበራችሁት እናንተ አራታችሁ ናችሁ።»

«እኔንም ትቆጥሪኛለሽ?» አለ ጓድ አምባቸው።

«ቆጥሬ ነው የተውሁዎት። ይህ ሞተር ሳይመረቅ ቢቀር የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ሰው ቢጠሉ እንኳ በራስዎ ሞተር አይገድሉትም።»

«እህ» አለ፤ ደስ እንዳለው ያስታውቃል።

«ቀጥሎ፣ ሰውየው ማንን ሊገድል ነበር? ሁሉም ሰው ‹ገብረ ኪዳንን› ይላል፤ የሞቱት እሳቸው ስለሆኑ። ግን ታኮውን የለወጠው ሰው ይጠብቅ የነበረው የበየደውን ነው። የበየደው ደግሞ...» ኑርሑሴንን አየችው። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። «የቀኝ የፊቱን ማዕዘን የበየዱት ገብረ ኪዳን ራሳቸው ናቸው። ቅርፊቱ በግራኝ እጅ የሄደ ነው። የኑርሑሴን ዓይን ትናንት ተመትቷል። ሽማግሌው ስለበየዱ በሕጋቸው ገቡ።»

ጓድ አምባቸው ወደ ኑርሑሴን ዞረ። «አልበየድክም? ሳትበይድ ነው ‹አስፈላጊ› የተባልከው?»

«ይቆዩ፤ አልጨረስሁም። ኑርሑሴን ገብረ ኪዳን እንደሚገቡ ያውቃል፤ ግን ደብዳቤውን የሚከላከሉለት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸውን ገድሎ የገዛ ወረቀቱን ይቀድዳል? አይቀድድም። ሀብተ ሥላሴስ? ኑርሑሴን ቢጠፋ ወረቀቱ ለሀብተ ሥላሴ ይሆናል። ነገር ግን እሱም ማን እንደ በየደ አይቷል፤ ብረቱን ደግፎ ይዟል። ኑርሑሴንን ለማጥፋት የፈለገ ቢሆን ታኮ መለወጥ አያስፈልገውም ነበር። ወደ ቢሮ ገብቶ ‹ኑርሑሴን አልበየደም› ቢል ይበቃዋል። አንድ ቃል! ያችን ቃል ግን አልተናገራትም። ለእናቱም እንኳ።»

ፀሐይወርቅ ወደ ልጇ ዞር አለች። «ምን ነው የምትለው ይህች?»

«ማን እንደ በየደ ያላወቀው፣ የኑርሑሴንም መሞት የሚጠቅመው አንድ ሰው ቀረ» አለች አገርነሽ። ከዚያ ድምፅዋን ለወጠች። «ይህ ሁሉ ግን ሐሳብ ነው። ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ እንደ ገና እንሞክረዋለን። የወደቀውን አንዱን ታኮ በወይራ ለውጫለሁ፤ የቀሩት ሦስቱ ያው ሲወድቅ የነበሩት ናቸው። ሀብተ ሥላሴ፣ መዶሻውን ውሰድ። ግባ።»

ሀብተ ሥላሴ መዶሻውን አነሣ። በጀርባው ተኝቶ ራሱን ወደ ብረቱ ሥር ማስገባት ጀመረ፤ ትከሻው ገባ፣ ደረቱ ገባ።

«በየትኛው በኩል?» አለ ከሥር።

«በቀኝ የኋላው። ጠንከር አድርገህ ምታው።»

«ተይ» አለች ፀሐይወርቅ። ድምፅዋ አልወጣም፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

«ምታው!» አለች አገርነሽ።

«አትምታው! ሀብቴ ውጣ! የኋላውም ኮርች ነው! ሁለቱንም ነው የለወጥሁት፣ ውጣልኝ ልጄ!»

ሮጣ እግሩን ይዛ ጎተተችው። ስትጎትተው ጭንቅላቱ ከብረቱ ጋር ተጋጨ፤ ግንባሩ ደማ። መሬት ላይ ተቀምጣ ታቅፋው ቀረች።



«አሁን ወይራ ናቸው፤ አራቱም» አለች አገርነሽ። «አስቀድሜ አስለውጫቸዋለሁ። ቢመታውም አይወድቅም ነበር። የኋላው ኮርች እንደ ነበረ ግን ከእኔና ከዘበኛው በቀር የሚያውቀው የለወጠው ብቻ ነው።»

ፀሐይወርቅ ቀና ብላ አየቻት። «ልጅ የለሽም አንቺ?»

«ሦስት አሉኝ።»

«ልጅ ያላት እንዲህ ታደርጋለች?»

«እርስዎ የሰው ልጅ ሊያስገቡበት ነበር። የነፊሳን።»

«የነፊሳ ሌላ ሁለት ወንዶች አሏት!» ብላ ጮኸች። «እኔ አንድ ነው ያለኝ!» ከዚያ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። «ሽማግሌው እንደ በየደ ታውቅ ነበር? ለምን አልነገርኸኝም? ምሳ አብረን ስንበላ... ለምን አልነገርኸኝም?»

ሀብተ ሥላሴ የእናቱን እጅ ከፊቱ ላይ አንድ በአንድ አነሣ። «አስምለውኝ ነበር» አለ። ተነሥቶ ሦስት እርምጃ ከእሷ ራቀ፤ ዳግመኛም ወደ እሷ አልዞረም።

የደኅንነት መኪናው ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። ሁለት ሰዎች ወርደው ጓድ አምባቸው የነገራቸውን ሰሙ፤ ፀሐይወርቅን በብብቷ ይዘው አነሷት። ቁልፎቿን ከመቀነቷ ፈትታ ለዘበኛው ልትሰጥ ስትል አንዱ በእጁ መታትና ቁልፎቹ ጭቃው ላይ ተበተኑ። ወዴት እንደምትወሰድ ማንም አልጠየቀም። በዚያ ዘመን እንዲህ የተወሰደ ሰው እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል።

የኑርሑሴን እጅ ተፈታ። ጓድ አምባቸው ከቢሮው አንድ ወረቀት ይዞ መጣና ፊቱ ላይ ለሁለት ቀደደው።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ» አለች አገርነሽ፣ «ገብረ ኪዳን ሞተዋል። አሁን ከኑርሑሴን በቀር በያጅ የላችሁም። ሞተሩን ማን ይጨርስላችኋል?»

«ብየዳው እንደ ድንጋይ ነው ብለሻል፤ አልቋል። ጎማ መግጠም ለማንም አያቅትም።» የተቀደደውን ወረቀት ኪሱ ከተተ። «ደብዳቤውን የጻፈው ሰውዬ ሞቷል፤ የተጻፈለትም አልበየደም። ራስሽ ነሽ ያስረዳሽኝ። ከዚህ ቤት ለጥሪው አንድ ሰው ይፈለግ ነበር፤ ሁለት ሰጥተሽናል። ሁለቱም ሰኞ ይቀርባሉ።»

አገርነሽ ይህን አውቃው ነበር። ዋርካው ሥር ድንቹን ስታነሣ ጀምሮ አውቃው ነበር። ከዛሬ ማታ ጥይትና ከሰኞ ጭነት መኪና አንዱን መምረጥ ነበረባት፤ መረጠች። ክፉውን አስቀድሞ ማየት ክፉውን አያስቀርም፤ ተራውን ብቻ ያሳያል።

ኑርሑሴን የእጁን አንጓ እያሸ አጠገቧ ደረሰ። ያበጡ ዓይኖቹን ጠባብ አድርጎ አያት። አልሰደባትም።

«እናቴ በር ላይ ናት?» አለ።

«ከቀን ጀምሮ።»

«የሰኞውን አትንገሪያት። ዛሬን ትተኛ። እኔ እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«እንጃ።»

ዘበኛው በሩን ከፈተው። ነፊሳ ልጇ እጁ ሳይታሰር፣ በእግሩ፣ ያለ ጠባቂ ሲወጣ አየች። መጀመሪያ አላመነችም፤ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ፊቱን ዳሰሰች። ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ እልል አለች። ጎረቤት ሴቶች ተቀበሏት፤ እልልታው በአጥሩ ዙሪያ ሄደ። ነፊሳ በሰው መካከል ሃምሳ አለቃዋን በዓይኗ ፈልጋ አገኘቻት፤ እጇን ዘርግታ «አወጣሽልኝ! አላህ ልጆችሽን ያውጣልሽ!» እያለች ወደ እሷ መጣች።

አገርነሽ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች፤ በጓሮው በር ወጥታ ሄደች።